«መብራት» ከሚለው ቃል እስከ ዲቫይደር፦ የሶኬታችን ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይም ሆነ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የድሮ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፣ ከዓድዋ ጀምሬ ኩሽና ውስጥ መጨረስ እወዳለሁ። ዛሬ ኩሽናው ይቀድማል።

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ኤሌክትሪክን ለምንድነው «መብራት» የምንለው? ፍሪጁ ሲቆም «መብራት ሄደ» እንላለን። ምጣዱ ላይ ሊጥ አፍስሰን አልሰማ ሲል «መብራት ሄደ» እንላለን። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ስልካችን ቻርጅ አላደርግ ካለ «መብራት የለም» ነው የምንለው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ስንት ጊዜ ቢቀያየር ሕዝቡ «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ቃሉ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው እላቸዋለሁ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ቤት የገባው ለመብራት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ካውያውም፣ ፍሪጁም፣ ምጣዱም፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። ሶኬትና ስፒና የተፈለሰፉት ይህን እንግዳ ለማስተናገድ ነው። አብዛኛው የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ አደጋም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ለአምፖል የታሰበ ቤት ውስጥ የምጣድ ጭነት ሲገባ።

እ.ኤ.አ. በ1882 ቶማስ ኤዲሰን ኒውዮርክ ውስጥ ፐርል ስትሪት ላይ የኃይል ማመንጫውን ሲከፍት ይሸጥ የነበረው ብርሃን ነው። በዚያ ዘመን ቤት ውስጥ ሶኬት የሚባል ነገር የለም። ከጣሪያ የሚንጠለጠል የአምፖል ማቀፊያ አለ፣ አበቃ። ታዲያ የኤሌክትሪክ ካውያና ማራገቢያ ገበያ ላይ ሲወጣ ሰው ምን አደረገ? አምፖሉን ፈትቶ በቦታው የካውያውን ገመድ አጠመደ! ልብስ የምትተኩሰው ሴት ከጣሪያ በተንጠለጠለ ገመድ ሥር ትሠራለች፤ ሲመሽ ወይ መተኮስ ነው ወይ ማየት። ኋላ ላይ አምፖሉንም ካውያውንም አንድ ላይ የሚያስገባ ባለ ሁለት አፍ ማከፋፈያ መጣ። እንግዲህ የዛሬው ዲቫይደር ቅድመ አያት ይሄ ነው፤ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እኩያ ነው ብትሉም አትሳሳቱም።

እ.ኤ.አ. በ1904 ሃርቪ ሃብል የሚባል የኮኔቲከት ሰው ለሁለት የሚለያይ መሰኪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። አንዱ ክፍል አምፖል ማቀፊያው ላይ ተጠምዶ ይቀራል፣ ሌላው ከነገመዱ ይነቀላል። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ግን ኤሌክትሪክ የማያውቅ ሰው አንድን ዕቃ ከመስመር ላይ ለመንቀል ገመዱን ሲያጠማዝዝ፣ ከባሰም ሽቦውን ሲነካ ነበር።

እኛ ጋ ኤሌክትሪክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ ጀነሬተሩ የተተከለው ቤተ መንግሥቱን ለማብራት ነበር። ልብ በሉ፣ እዚህም ለመብራት ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን ቆቃ ግድብ ኃይል መስጠት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። በመካከል ጣሊያን መጥቶ ሄዷል። ጣሊያን ምን ትቶ እንደሄደ ለማወቅ ግን ግድብም መንገድም መቁጠር አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲያወራ መስማት ይበቃል። «ኮረንቲ» ጣሊያንኛ ነው። «ስፒና» ጣሊያንኛ ነው፤ እሾህ ማለት ነው። «ቫልቮላ» ጣሊያንኛ ነው። በየድሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምታዩት፣ ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ሶኬት የጣሊያን ሥሪት ነው። መሐለኛው ቀዳዳ የመሬት ሽቦ፣ ማለትም የኤርዙ ነው።

ስለዚህ ሶኬት አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ጠበብና ሰፋ ያለ ሁለት ዓይነት አለው፤ ባለ 10 አምፔርና ባለ 16 አምፔር። አንዱ ስፒና ሌላው ውስጥ አይገባም። ለምን? ጣሊያን አገር ለመብራት የሚውለው ኤሌክትሪክና ለዕቃ የሚውለው ኤሌክትሪክ ዋጋው ለየብቻ ነበር፤ ቆጣሪውም ለየብቻ። ሰው በርካሹ መስመር ላይ ሌላ ነገር እንዳይሰካ የሶኬቱን መጠን ለያዩት። አሠራሩ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ሁለቱ ሶኬቶች ግን እስከ ዛሬ አሉ። የታሪፍ ሕግ ሞቶ ፕላስቲኩ ቀረ። ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ምክንያቱ ይሞትና ልማዱ ይኖራል።

ጀርመኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1920ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አልበርት ቢውትነር የተባለ ሰው ዛሬ «ሹኮ» የሚባለውን ሶኬት ፈጠረ። ስሙ «መከላከያ ንክኪ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው። አሁን አዲስ ግንባታ ላይ አብዛኛው የምናየው እሱን ነው፤ ክብ ጉድጓድ፣ ውስጡ ሁለት ቀዳዳ፣ በጉድጓዱ ጎንና ጎን ሁለት ትንንሽ የብረት ምላሶች። የሁሉም ነገር ቁልፍ እነዚያ ምላሶች ናቸው። ስፒናው ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው እነሱን ነው፤ ማለትም ዕቃው ኮረንቲ ከማግኘቱ በፊት ከመሬት ጋር ይተሳሰራል። ሲነቀልም መጨረሻ የሚለየው ከእነሱ ነው። ጉድጓድ የሆነበትም ምክንያት አለው፦ ስፒናው ግማሽ ገብቶ ሳለ የልጅ ጣት እሾሁን እንዳይነካ።

እንግሊዞች ደግሞ ቦምብ እየዘነበባቸው ስለ ሶኬት ተሰበሰቡ። የምሬን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ጦርነቱ መሀል፣ ከጦርነት በኋላ የሚሠሩት ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር ምን ይምሰል የሚል 20 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሃያው አንዷ ብቻ ሴት ናት፤ ካሮላይን ሃስሌት። ኢንጂነር ናት፣ የሴቶች የኤሌክትሪክ ማኅበርን ለዓመታት የመራች፣ «ኤሌክትሪክ ሴቲቱን ከኩሽና ልፋት ያሳርፋል» ብላ የምታምን ሰው። ኮሚቴው ሁለት ነገር ያሳስበው ነበር። አንደኛው የመዳብ እጥረት ነው። ሁለተኛው፣ እሷ አጥብቃ የያዘችው፣ የልጆች ደኅንነት ነው።

ከዚያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1947 የጸደቀው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እሾህ ስፒና ነው። ዱባይም ኩዌትም ያላችሁ በየቀኑ የምትሰኩት እሱን ነው። የላይኛው እሾህ ከሁለቱ ይረዝማል፤ እሱ የኤርዝ ነው። መጀመሪያ ገብቶ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ይከፍታል፤ እሱ ካልገባ ሁለቱ ቀዳዳዎች ዝግ ናቸው። ሕፃን ሚስማር ወይም ሹካ ይዞ ቢመጣ የሚያገኘው ፕላስቲክ ነው። መዳብ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ሶኬት በአንድ ወፍራም መስመር ላይ ስለተሰደረ ደግሞ ቀጭኑ የዕቃው ገመድ እንዳይነድ እያንዳንዱ ስፒና ሆድ ውስጥ የራሱን ፊውዝ አስገቡ።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ሁለት እሾህ ያለው ቻርጀር አልገባ ሲል የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ቀፎ ገፍተን መዝጊያውን እንከፍታለን። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አትካዱ! የሃስሌት ኮሚቴ ለሕፃን ብሎ የሠራውን በር ሕፃኑ ፊት በእስክሪብቶ መክፈት ማለት ነው። ልጅ ደግሞ ያየውን ይሠራል።

እንግዲህ የጣሊያኑ፣ የጀርመኑና የእንግሊዙ ሦስቱም ታሪኮች የተገናኙት የእኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የጣሊያን ወይም የጀርመን ሶኬት አለ፣ ከገበያ የገዛነው ዕቃ የቻይና ስፒና ይዞ ይመጣል፣ ከዓረብ አገር የመጣው ደግሞ የእንግሊዙን። ይህን ሁሉ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ተብሎ የተገዛው ዲቫይደሩ ነው፤ ያ ሁሉንም ስፒና የሚቀበል፣ ቀዳዳው የትኛውንም ቅርጽ የማይመስል። ሽማግሌ ያልኩት ለቀልድ ነው። ይሄ ሽማግሌ አንዱን ወገን ሸጦ ነው የሚያስታርቀው፤ የሚሸጠውም ኤርዙን ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ የድሮ ተማሪዬ ላስረዳ፤ ስሟን አልጠቅስም፣ ጻፈው ብላ ፈቅዳልኛለች። ከስድስት ዓመት በኋላ ከዓረብ አገር ስትመለስ በላቧ ያገኘችውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይዛ መጣች። ስፒናው ሦስት ጠፍጣፋ ነው። ባለ ሁለት ክብ እሾህ መቀየሪያ ገዝታ ዲቫይደር ላይ ሰካችው። ማሽኑ ይሠራል፣ ችግር የለም። ግን በእርጥብ እጅ በሩን ስትነካ ይነዝራታል። «ጋሼ፣ ትንሽ ንዝረት ናት፣ ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ይሆን?» ብላ ጻፈችልኝ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት፤ ሲሚንቶው ወለል ላይ በባዶ እግራቸው የሚሮጡ።

ነገሩ የማሽኑ አዲስነት አይደለም። ብረት አካል ያለው ማሽን በተፈጥሮው ትንሽ ኮረንቲ ወደ አካሉ ያሾልካል፤ የኤርዝ ሽቦ ካለ ያቺ ኮረንቲ ወደ መሬት ትሄዳለች፣ ሰው አያውቃትም። ኤርዙ ሲቋረጥ ግን መንገዷን የሚሰጣት የነካት ሰው ነው። ዛሬ ንዝረት ናት። ነገ ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የማሽኑን ብረት ቢነካ ያው ብረት ሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ ማሽኑም ምንም እንዳልሆነ ልብስ ማጠቡን ይቀጥላል። ባለ ሁለት እሾሁ መቀየሪያ ሦስተኛውን እሾህ የትም አላደረሰውም፣ አየር ላይ ነው የቀረው። የጀርመኑን ስፒና ሁሉን የሚቀበለው ዲቫይደር ላይ ስትሰኩትም ያው ነው። የሹኮ ኤርዝ በጎኑ ነው ብያለሁ፤ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ዲቫይደር ጎን የሚነካ ምላስ የለውም። ሁለቱ እሾህ ይገባል፣ ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ እኛም ደህና ነው እንላለን። ያቺ ቀይ መብራት የምትነግራችሁ ኮረንቲ እንዳለ ብቻ ነው፤ ስለ ኤርዝ የምታውቀው የላትም።

ሙያተኛ ጠርታ ስታሳይ የባሰው ታወቀ። የግድግዳው ሶኬት የኤርዝ ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን የታሰረ ሽቦ የለም። ለማስመሰል ነው። የሠራው ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ዋናው ነገር በመለኪያ ሳይለካ በዓይን የማይታወቅ መሆኑ ነው። ሙያተኛው መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ ሽቦ ዘረጋላት፣ የማሽኑንም ስፒና ቆርጦ ትክክለኛውን ቀየረ። ንዝረቱ በዚያው ቀን ቆመ። (አንዳንድ «ሠራተኛ» አቋራጭ ብሎ ኤርዙን ከኒውትራሉ ጋር ያስረዋል ወይም የውሃ ቧንቧ ላይ ይጠመጥመዋል። ይህን የሚያደርግ ካያችሁ አስቁሙት፤ የማሽኑን ችግር ለጎረቤት ማካፈል ነው።)

አሁን ደግሞ ወደ ቋንቋችን ልመለስ። አማርኛ «ኮረንቲ ያዘው» ይላል። መታው አይልም፣ ያዘው ነው የሚለው። ይህን ቃል ያወጣው ሰው በደንብ ያየ ሰው ነው። ቻርልስ ዳልዚል የሚባል የበርክሌይ ፕሮፌሰር ፈቃደኛ ሰዎች ላይ ሞክሮ የለካው ይህንኑ ነው፤ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ መልቀቅ የሚያቅተው በስንት ኮረንቲ ነው? ያገኘው አማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10 ተኩል ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጡንቻው ራሱ ይኮማተርና እጅ ሽቦውን ይጨብጣል፤ ኮረንቲው ያዘው ማለት ነው። እንግዲህ አወዳድሩት፦ ግድግዳ ላይ ያለው ብሬከር የሚወርደው 16 አምፔር ሲያልፍ ነው። ይህ ከለካው ቁጥር አንድ ሺህ እጥፍ ነው! ስለዚህ ብሬከር ሽቦን እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አልተሠራም። ዳልዚል ይህን ክፍተት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1961 የሄደውና የተመለሰው ኮረንቲ እኩል መሆኑን እያነጻጸረ፣ ከጎደለ በቅጽበት የሚያጠፋ መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ገበያ ላይ አለ፤ ብሬከር ይመስላል፣ ግን «30 ሚሊአምፔር» የሚል ጽሑፍና ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ቤት የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ለኮርኒሱ ጌጥ ከምታወጡት ቀንሳችሁ ይህን አስገቡ።

ስለ ንዝረት ይህን ያህል ካልኩ ስለ እሳት ደግሞ ትንሽ ልበል፤ እሳቱ የሚመጣው ከጭነት ነው። ጄምስ ጁል የሚባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሽቦ የሚያወጣው ሙቀት በኮረንቲው ስኩዌር እንደሚያድግ አሳየ። ኮረንቲው በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አሁን ዲቫይደራችሁን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ «10 አምፔር» ይላል። በ220 ቮልት 2,200 ዋት ማለት ነው፤ ለሁሉም ቀዳዳ በድምሩ! አምስት ቀዳዳ ስላለው አምስት እጥፍ አይሸከምም። አንድ ቦታ የሻይ ማፍያና ስቶቭ ጎን ለጎን ተሰክተው ያየሁበት የመምህራን ማረፊያ ክፍል አለ። አንዱ 2,000 ዋት፣ ሌላው 1,500። 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ከተፈቀደው ሙቀት ሁለት እጥፍ ተኩል። ግድግዳው ላይ ያለው ብሬከር ግን ይህን አያይም፣ ለእሱ 16 አምፔር ልኩ ነው። የእንግሊዙ ስፒና ሆዱ ውስጥ ፊውዝ ያስቀመጠው ለዚህ ክፍተት ነበር፤ የእኛ ስፒና ግን የለውም። በዲቫይደሩና በእሳቱ መካከል ያለው ጠባቂ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ምጣድ ደግሞ የብቻው ጉዳይ ነው። ብዙው 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል። ኤዲሰን እንጀራ አያውቅም፣ ሃብልም፣ ቢውትነርም። የዓለም ሶኬት ሁሉ የተሠራው ለካውያና ለሬዲዮ ነው። የሹኮ ሶኬት ጣሪያው 16 አምፔር ነው፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ጣሪያውን ይነካል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ደግሞ አይወርድም። ስለዚህ ምጣድ ዲቫይደር ላይ አይሰካም፣ በቃ። ከብሬከር የሚነሳ የራሱ ወፍራም መስመር ያስፈልገዋል። ስፒናው ከሶኬቱ ሲወጣ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ የዓሣ ሽታ የመሰለ ነገር ከሸተታችሁ፣ ውስጡ ላልቷል ማለት ነው፤ የላላ ግንኙነት ደግሞ በትንሽ ጭነትም ይነዳል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር በትልቅ ብሬከር መቀየር፣ የተቃጠለ ቫልቮላን በመዳብ ሽቦ መጠምጠም፣ ስፒና ጠፍቶ የተላጠ ሽቦ ሶኬት ውስጥ ከትቶ በክብሪት እንጨት መወጠር፣ እነዚህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጨረሻው ሶኬትን እ.ኤ.አ. ከ1904 በፊት ወደነበረው ዘመን መመለስ ነው።

ለማያስፈራው ነገር ደግሞ አታስፈራሩ። የስልክ ቻርጀር፣ ቴሌቪዥን፣ ራውተር ዲቫይደር ላይ ቢሰኩ ጭነታቸው ኢምንት ነው። ሁለት እሾህ ብቻ ያለው ቻርጀር ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን ካያችሁ በድርብ ሽፋን የተሠራ ነው፣ ኤርዝ አይፈልግም። ጥንቃቄው ለሚያሞቅና ብረት አካል ላለው ነገር ነው፦ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ። ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር አትቀጥሉ። ገመዱን ምንጣፍ ሥር አትቅበሩት፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። መብራት ሲሄድ ካውያና ስቶቩን ንቀሉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ እናንተ ተኝታችኋል።

የኪራይ ቤት የምትፈልጉ ልጆቼ፣ አከራዩን ስለ ውሃና ስለ ቆጣሪ ስትጠይቁ «ኤርዝ አለው ወይ?» በሉ። «አለ» ካለ በመለኪያ ይታይ በሉ፤ ለአንድ ሙያተኛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ማጠቢያ ማሽናችሁና ፍሪጃችሁ የተሰካበትን እዩ። በጎኑ የብረት ምላስ ያለው ሶኬት ነው ወይስ ሁሉን የሚቀበለው? ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ አድርጉት፤ ነገ ማታ ከፈተና እርማት በኋላ አንድ በአንድ አየዋለሁ።